የድሮ የህንድ አክሽን ከማን ልጀምር ለምትሉ (ጥቆማ)

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ የድሮ የህንድ አክሽን ማየት አምሮኛል። ከማን ልጀምር?» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚያውቀው «ጋዳር 2»ን እና ቲክቶክ ላይ የሚዞሩ ቁርጥራጮችን ነው። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ጀመርኩ፤ አልሆነልኝም። ለእሱም ለሌላውም ይሁን ብዬ ሁሉንም እዚህ አሰፈርኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ቪዲዮ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ነበር የምናየው። ሂንዲውን አንሰማም፤ ግን ምንም አያመልጠንም። የዚያ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም። አክተር ማለት ዋናው ሰውዬ ነው። የቀረው ወይ ጓደኛ ነው ወይ ወንበዴ። «ሾላይ»ን ያየን ቀን ግን ሕጉ ፈተና ገጠመው። አሚታብ ባቻን ሞተ! ወጥተን በር ላይ ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ጠና ያለ ልጅ ፈረደ፤ «የሞተው አክተር ስላልሆነ ነው። አክተሩ ዳርመንድራ ነው።» ከብዙ ዓመት በኋላ የፊልሙን መግቢያ ልብ ብዬ ሳየው፣ ስሙ ቀድሞ የሚመጣው እውነትም ዳርመንድራ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ «ሾላይ»ን እዩ። ነሐሴ 1975 የወጣ ነው። ሁለት ሌቦች እጆቹን ባጣ የቀድሞ ፖሊስ ተቀጥረው ጋባር ሲንግ የሚባለውን ሽፍታ ሊይዙ ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ድንጋያማ ኮረብታ ካርናታካ ውስጥ ራማናጋራ የሚባል ቦታ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ እራታችሁን በልታችሁ ተቀመጡ። አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ያየነው መጨረሻው ላይ ፖሊስ ደርሶ ጋባርን ከሞት የሚያስጥልበትን ነው። መጀመሪያ የተቀረጸው ግን እንደዚያ አልነበረም፤ እጆቹን ያጣው ሰውዬ ጋባርን በእግሩ ይገድለው ነበር። ጊዜው ህንድ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነው፤ ሳንሱሩ እምቢ አለ፣ መጨረሻው ተቀየረ። የድሮው መጨረሻ የተመለሰለት የታደሰ ኮፒ በ2025 ጣሊያን ቦሎኛ ላይ ታይቷል። እጃችሁ የገባው የትኛው እንደሆነ መጨረሻው ራሱ ይነግራችኋል።

ከዚያ በኋላ ነው ምርጫው የሚመጣው። ዳርመንድራ ወይስ አሚታብ? ሰፈር ውስጥ በዚህ ጥያቄ የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ።

ዳርመንድራ የፑንጃብ ልጅ ነው፤ አባቱ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። አንድ የፊልም መጽሔት ባዘጋጀው ውድድር አልፎ ቦምቤይ ገባ፤ የመጀመሪያ ፊልሙ በ1960 ወጣ። ኮከብ ያደረገው ግን በ1966 የወጣው «ፉል ኦር ፓታር» ነው። እዚያ ላይ ወንጀለኛ ሆኖ ሳለ ሸሚዙን አውልቆ መንገድ ዳር ያገኛትን አሮጊት ለማኝ ያለብሳታል። የህንድ አክተር ደረቱን ማሳየት የጀመረው በዚህ ነው ቢባል ብዙም ስህተት የለውም፤ ግን ያወለቀው ለምን እንደሆነ ልብ በሉ። የዛሬዎቹ ያለ ምክንያት ነው የሚያወልቁት። የዳርመንድራን ጉልበት የምወደውም ለዚህ ነው። ክንዱ የገበሬ ክንድ ነው፣ የጂም አይደለም። ከዚያ ሁሉ ጋር ደግሞ ያስቃል። «ሾላይ» ላይ ሰክሮ የውሃ ታንከር ላይ ወጥቶ ካላጋባችሁኝ እዘላለሁ የሚልበትን ስታዩ ይገባችኋል።

የእሱ ደካማ ዘመን 1990ዎቹ ነው። ርካሽ ርካሽ የበቀል ፊልሞች በብዛት ሠራ። እነሱን እለፏቸው። በቀጥታ ወደ 2007ቱ «ጆኒ ጋዳር» ሂዱ። እዚያ ላይ ያረጀ የወንበዴዎች አለቃ ነው፤ ብዙም ሳይጮኽ ሁሉንም ይበልጣቸዋል። ዳርመንድራ ኅዳር 24 ቀን 2025፣ 90 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አረፈ። «ኢኪስ» የሚለው የመጨረሻ ፊልሙ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ የሠራውም የ«ጆኒ ጋዳር» ዳይሬክተር ነው።

አሚታብ ሌላ ዓለም ነው። ከ1973 በፊት የሠራቸው ፊልሞች አብዛኞቹ ከስረዋል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ማንም አክተር ይሆናል አላለም። «ዛንጂር» የሚባለውን ድርሰት ዳርመንድራን ጨምሮ በርካታ ኮከቦች ሳይሠሩት ቀሩና እሱ ጋ ደረሰ። ሳሊምና ጃቬድ የሚባሉት ሁለት ደራሲዎች ናቸው ይህ ልጅ ይሁን ያሉት። ቁጡ ፖሊስ ሆኖ ወጣ። የሰፈሩ ጉልቤ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን በእርግጫ የሚያሽቀነጥርበትን ብቻ ማየት ይበቃል። ከዚያ በኋላ «ቁጡው ወጣት» የሚለው ስም ተለጠፈበት።

ከአሚታብ አንድ ብቻ እይ ብባል 1975 የወጣውን «ዲዋር» ነው የማየው። የወደብ ኩሊ ነው፤ የመለያ ቁጥሩ 786። ወንበዴዎቹ ከተማውን ሁሉ ሲያስሱት እሱ የራሳቸው መጋዘን ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ይጠብቃቸዋል። ሲመጡ በሩን ከውስጥ ይቆልፍና ቁልፉን ለአለቃቸው ይወረውርለታል። ከዚያ በኋላ ያለው ድብድብ በዛሬ ዓይን ቀርፋፋ ነው። ምንም አይደለም። ያ ቁልፍ ሲወረወር የተሰማኝን ነገር እስካሁን ሌላ የአክሽን ፊልም አልሰጠኝም።

የቪዲዮ ቤታችን ሕግ እዚህም አይሠራም። አሚታብ «ሾላይ» ላይ ይሞታል፣ «ዲዋር» ላይ እናቱ እቅፍ ውስጥ ይሞታል፣ «ሙቃዳር ካ ሲካንዳር» ላይ ይሞታል፣ «ሻክቲ» ላይ አባቱ ተኩሶ ይገድለዋል። እንግዲህ በ1982 «ኩሊ»ን ሲቀርጹ ባንጋሎር ላይ በእውነት ሊሞት ደረሰ። በድብድብ ትዕይንት ላይ ዘሎ ሲወድቅ ጠረጴዛ ሆዱን መታው፤ አንጀቱ ተጎዳ። ሰው በየቤተ መቅደሱና በየመስጊዱ ጸለየለት። በድርሰቱ መጨረሻ ላይ ይሞታል የተባለው ገጸ ባሕርይ እንዲተርፍ ተደረገ። ፊልሙ ውስጥ የተጎዳበት ቦታ ላይ ምስሉን አቁመው ጽሑፍ አስገብተዋል፤ ልብ ብላችሁ እዩት። እንደ ፊልም «ኩሊ» መካከለኛ ነው፤ እኔ ግን ለዚያች ሰከንድ ስል አያለሁ።

ከ1990ዎቹ «አግኒፓትን» ጨምሩ፤ የ1990ውን ማለቴ ነው። ድምፁን አጎርንኖ ሻካራ አደረገው። ተመልካቹ የአዳራሹ ድምፅ የተበላሸ መስሎት ተማረረ፤ ገበያ ላይም አልተሳካለትም። በምርጥ ተዋናይነት የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሽልማት ያገኘው ግን በእሱ ነው። ከዚያ ኩባንያ አቋቁሞ ዕዳ ውስጥ ገባ፣ በ2000 የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ አቅራቢ ሆኖ ተነሣ፣ በ2024 ደግሞ በ81 ዓመቱ «ካልኪ» ላይ ሞትን የተከለከለ ጦረኛ ሆኖ መጣ። ካልኪ የቴሉጉ ፊልም ነው፤ ከሂንዲ ወጣ ይላል። ግን አክተር አይሞትም የሚለውን ሕግ በመጨረሻ አከበረልን።

እንግዲህ ለእኔ ማን ይበልጣል? እንደ ሥራ ዘመን አሚታብ። ከሥራ ተመልሼ ደክሞኝ ሶፋ ላይ ስወድቅ ግን የምከፍተው ዳርመንድራን ነው።

ሰው የሚረሳው ቪኖድ ካና ነው፤ ይሄ ያናድደኛል። በወንበዴነት ጀመረ። በ1971 «ሜራ ጋኦን ሜራ ዴሽ» ላይ ዳርመንድራን የሚገጥም ሽፍታ ነበር፤ ከ«ሾላይ» በፊት የወጣ የሽፍታ ፊልም ነውና ጎን ለጎን ብታዩዋቸው ትጠቀማላችሁ። ከወንበዴነት ወደ አክተርነት የተሻገረ እንደ እሱ ጥቂት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሚታብን የሚገዳደረው እሱ ነው ይባል ነበር። ከዚያ በ1982 አካባቢ ሁሉን ትቶ ኦሾ የሚባሉትን መምህር ተከትሎ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኦሪገን ውስጥ አትክልተኛ ሆኖ አፈር ይቆፍር ነበር። በ1987 ተመለሰ፤ ያ የድሮ ቦታው ግን አልጠበቀውም። አጎቴ ቢሆን «እንጀራውን ረገጠ» ይሉት ነበር። እኔ አልፈርድበትም። «ቁርባኒ»ን (1980) እዩለት።

ሳኒ ዴኦል የዳርመንድራ ልጅ ነው። የእህቴ ልጅ የሚያውቀው ይህን ስለሆነ አላበዛም። በ«ጋዳር 2» ከጀመራችሁ ግን ከጭራው ነው የያዛችሁት። «ጋያል»ን (1990) እዩ፤ ገንዘቡን ያወጣው አባቱ ነው። ቀጥሎ «ዳሚኒ»ን (1993)። እዚያ ላይ ዋናው ሰው አይደለም፤ ሰካራም ጠበቃ ሆኖ ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ይመጣና ፍርድ ቤቱን ያናውጠዋል። ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ አሁንም ቀጠሮ እያለ የሚጮኽበትን ቦታ ፍርድ ቤት ተመላልሶ የሚያውቅ አበሻ ያለ ትርጉም ይረዳዋል። የ2001ዱ «ጋዳር» ላይ የውሃ ፓምፕ ከመሬት ነቅሎ የከበበውን ሕዝብ ያባርራል። እኛ ነገር ሲጋነን «የህንድ ፊልም አደረግከው» የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሚቱን ቻክራቦርቲ ግራ የሚያጋባ ሰው ነው። በ1976 በመጀመሪያ ፊልሙ ብሔራዊ ሽልማት ወሰደ። በ1982 «ዲስኮ ዳንሰር» ሶቭየት ኅብረትን ሳይቀር አስጨፈረ። በ1990ዎቹ ደግሞ ኡቲ የምትባል ተራራማ ከተማ ሆቴል ከፍቶ ፕሮዲዩሰሮቹ እዚያው እየሄዱ በትንሽ ገንዘብ በፍጥነት ይቀርጹት ጀመር። ፊልሞቹ ከዳቦ ቤት እንደሚወጣ ዳቦ ናቸው፤ ሁሉም ያው። ከእነሱ «ጉንዳ»ን (1998) ከጓደኞቻችሁ ጋር ለሳቅ ካልሆነ ብቻችሁን አትሞክሩት። እንዲህም ሆኖ በ2024 የህንድ ሲኒማ ትልቁን ሽልማት፣ ዳዳሳሄብ ፋልኬን ተቀበለ።

የቀሩትን በፍጥነት። ሳንጃይ ዳት ሲያረጅ ነው የጣፈጠው፤ ከ«ቫስታቭ» (1999) ጀምሩ። ጃኪ ሽሮፍን «ፓሪንዳ» (1989) ላይ እዩት፤ ፊልሙ ከዘመኑ የቀደመ ነው። አጃይ ዴቭጋን በ1991 ሁለት በሚሄዱ ሞተር ብስክሌቶች ላይ እግሩን ዘርግቶ ነው ወደ ስክሪን የገባው፤ አባቱ የፊልም ድብድብ አቀናባሪ ስለነበር የቤት ሙያ ነው። ወንበዴዎቹን ደግሞ እንዳትረሱ። አምሪሽ ፑሪ ለዓመታት በመንግሥት የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበር፤ ወደ ፊልም በደንብ የገባው አርባ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ነው። የህንድ አክሽን ጥሩ የሚሆነው በአክተሩ ክንድ ሳይሆን በወንበዴው ዓይን ነው የሚል አቋም አለኝ፤ ማስረጃዬም እሱ ነው።

የት ይታያል ለሚለው። ኤምቢሲ ቦሊውድ በዓረብኛ ጽሑፍ ነው፤ አዲሶቹን ያበዛል። እዚህ ላሉት ከባድ ነው፤ ዱባይና ሪያድ ላላችሁ እህቶቻችን ግን ዓረብኛውን ስለለመዳችሁት ይመቻችኋል። ዩቲዩብ ላይ የህንድ ኩባንያዎች ራሳቸው የጫኗቸው ብዙ የድሮ ፊልሞች አሉ፤ የአንዳንዶቹ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደህና ነው። በአማርኛ የሚተረኩትም ይገኛሉ፤ ለእናቴ ስከፍት እነሱን ነው የምመርጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ግን አልመክርም። እኔ ከገዛኋቸው አብዛኞቹ ዘፈኑን ቆርጠውታል፣ አንዳንዱም ላይ ተራኪው በአሚታብ ድምፅ ላይ ያወራል። የአሚታብን ድምፅ መሸፈን ቡናውን ደፍቶ ስኒውን እንደ መጠጣት ነው። ዘፈኑንም አትዝለሉ፤ «ሾላይ» ላይ ሁለቱ ጓደኛሞች ሞተር ላይ ሆነው የሚዘፍኑትን ካላያችሁ ሞቱ አያማችሁም።

ደግሞ ስትፈልጉ ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ። «አግኒፓት» የ2012 አለ፤ «ዶን» የ2006 አለ፤ «ዛንጂር» የ2013 አለ። ይህን ለእህቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ ጽፌለት ነበር። ትናንት ማታ መልእክት ላከ። «ጋሼ፣ ዲዋርን ጨረስኩት። ግን ወደብ የት አለ? ወታደሮች እኮ ናቸው። አሚታብም ሽማግሌ ነው።»

የ2004ቱን ነው ያየው። ስሙ አንድ ነው፤ አሚታብም አለበት።