የድረ ገጹን ኮሚሽን አስገብቼ የሰዓት ዋጋ እንዴት ላውጣ?

ሰላም ወገኖች፤ ፍሪላንስ የምትሠሩ እባካችሁ ተባበሩኝ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ፤ የምሠራበት ድረ ገጽ ከእያንዳንዱ ክፍያ 10 በመቶ ይቆርጣል። በቁርጥ ዋጋ ለምይዘው ሥራ ችግር የለብኝም። እጄ ላይ 900 ዶላር እንዲገባ ከፈለግሁ 10 በመቶ ጨምሬ 990 ብል አይበቃም፤ 99 ተቆርጦ 891 ነው የሚተርፈኝ። ስለዚህ 900ን ለ0.9 አካፍዬ 1000 እጠይቃለሁ። ወደ ባንክ ለማዛወር የሚከፈለውን ቋሚ 30 ዶላርም ከማካፈሌ በፊት እደምራለሁ።

ያቃተኝ አሁን የመጣልኝ በሰዓት የሚከፈል ሥራ ነው። ደንበኛዋ በሳምንት 5 ሰዓትም 30 ሰዓትም ሊሆን ይችላል ብላኛለች። በሰዓት 18 ዶላር ተጣርቶ እንዲደርሰኝ 20 መጠየቅ አለብኝ። ግን የማዛወሪያውን 30 ዶላር በስንት ሰዓት ላከፋፍለው? በ5 ካከፋፈልኩት ዋጋዬ ወደ 26.67 ይወጣል፤ ደንበኛዋ ትሸሻለች ብዬ እሰጋለሁ። እያጠራቀምኩ በወር አንዴ ባወጣ ይሻል ነበር፤ የቤት ኪራይ ግን ፋታ አይሰጥም።

እናንተ እንዴት ታሰላላችሁ? ዝቅተኛ የሰዓት ብዛት በውሉ ይግባ ብላችሁ የጠየቃችሁ ካላችሁስ ተቀባይነት አገኘ? እስከ ሐሙስ ዋጋዬን ማሳወቅ አለብኝ።