የቴሌግራም ተከታዮቻችንን ወደ ቴአትር አዳራሽ እንዴት እናምጣ?

ጥያቄ (ጣና ዳር)፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ አነስተኛ የቴአትር ቡድን አስተባባሪ ነኝ። ቀድሞ ፖስተር በየግንቡ ለጥፈን፣ መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭነን ከተማውን እንዞር ነበር፤ ዘንድሮ ግን ወጪ ለመቀነስ ስንል ማስታወቂያውን በቴሌግራም ቻናላችንና በፌስቡክ ብቻ ለቀቅን። ፖስተሩን ከ2,000 በላይ ሰው አይቶታል፤ አዳራሽ የተገኘው ግን 60 አይሞላም። ተዋንያኑ ለባዶ ወንበር ሲጫወቱ ማየት እጅግ አሳዝኖኛል። ያየን ሰው እንዲመጣ፣ የመጣውም ሐሳቡን እንዲያካፍለን ምን ብናደርግ ይሻላል?

የመድረክ ልጅ፦ ከሁሉ በፊት ፖስተሩን በስልክዎ ከፍተው ይመልከቱት። ለግንብ የተሠራ ፖስተር በስልክ ሲታይ የተዋንያኑ ፊት ይጎላል እንጂ ከግርጌ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው ቀን፣ ሰዓትና የመግቢያ ዋጋ አይነበብም፤ ስለዚህ እነዚህን ከምስሉ ሥር በጽሑፍ ይድገሟቸው። ከልምምድ የተቀረጸ የ40 ሰከንድ ቪዲዮም ይጨምሩ፤ ጠቡ ሳይለይለት የሚቆም ትዕይንት ይምረጡ፣ ታክሲ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ የሚያይ ብዙ ስለሆነም ንግግሩን በጽሑፍ ያስገቡበት። ሙሉውን ተውኔት ግን በፍጹም አይልቀቁ።

ትኬት ክፍል፦ አስቀድሞ የከፈለ ሰው አይቀርም። እኛ ክፍያውን በቴሌብር ተቀብለን የግብይት ቁጥሩን ከስም ዝርዝር ጋር እንመዘግባለን፤ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ዝርዝሩን በወረቀት አትመን በር ላይ እንይዛለን። ስማርት ስልክ ለሌለው ተመልካች የበር ላይ ትኬት አይቅር።

አንጋፋው፦ ልጄ፣ የተመልካች ተሳትፎ በስልክ የመጣ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም በማሲንቆው ተቀብሎ ያንኑ መልሶ ያዜምለታል፤ ሰውየው የሚመለሰው የገዛ ቃሉ ሲዜም ስለሰማ ነው። እናንተም በቻናሉ ሥር የውይይት ግሩፕ ክፈቱና ትርኢቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከተውኔቱ የወጣ ጥያቄ አቅርቡ፤ ታሪኩ የውርስ ክርክር ከሆነ «የአባት ቤት ይሸጥ ወይስ ታናሹ ይኑርበት?» ብላችሁ ድምፅ አሰጡ። ውጤቱ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ይነበብ፤ ከተጻፉት አስተያየቶች ሁለት ሦስቱ ደግሞ ከትርኢቱ በኋላ ለሚደረገው ውይይት መነሻ ይሁኑ። ፍጻሜውን ግን ለድምፅ አታቅርቡት፤ እሱ የደራሲው ነው።

የመድረክ ልጅ፦ ጋሼ፣ በፍጻሜው ላይ በትሕትና እለያለሁ። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል የጀመረው የፎረም ቴአትር ተመልካቹ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ የታሪኩን አቅጣጫ እንዲለውጥ ይጋብዛል፤ ደራሲው ከፈቀደ የሚሞከር ነው።

ጣና ዳር፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፖስተሩን በስልኬ ከፍቼ አየሁት፤ የአዳራሹ ስም እንኳ አይነበብም። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ግሩፑ ሲከፈት በሴት ተዋንያኖቻችን ላይ የሚጻፈውን ስድብ ምን እናድርገው?

ትኬት ክፍል፦ ግሩፑን ከመክፈትዎ በፊት ጠዋትና ማታ የሚከታተሉ ሁለት ሰዎች ይመድቡ። ስድቡን ወዲያው ያጥፉ፣ ተሳዳቢውንም ያስወጡ፤ ተዋንያኑ ራሳቸው መልስ እንዲሰጡ አይተዉአቸው። ሥራውን የሚነቅፍ አስተያየት ግን መራራም ቢሆን አይጥፋ።