የታውረስ ወጣት ኮከቦች ክትትል፦ የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ውድ አባላት፣ ለእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በጋራ የምናስገባው የምልከታ ጥያቄ ረቂቅ ታውረስን፣ ሮ ኦፊዩከስንና ካሚሊዮንን አንድ ላይ ይዟል። ሁሉም ቅርብ ሞለኪውላዊ ደመናዎች (ኮከቦች የሚወለዱባቸው የጋዝና የአቧራ ክምችቶች) ናቸው፤ ሦስቱን ግን አንችላቸውም። የቱ ይቅር?

የምልከታ ቡድን፦ ካሚሊዮን ይውጣ። ዲክሊኔሽኑ (ከሰማይ ወገብ ያለው ርቀት) −77 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከእንጦጦ ሲታይ ቢበዛ 4 ዲግሪ ገደማ ነው ከአድማስ ከፍ የሚለው። ሮ ኦፊዩከስ 57 ዲግሪ ይደርሳል፤ ችግሩ በደቡብ በኩል በአዲስ አበባ መብራት ላይ ማለፉ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚለውም በግንቦት መጨረሻ ስለሆነ ወዲያው ክረምት ይገባል። ታውረስ በኅዳር መጨረሻ እኩለ ሌሊት ላይ 74 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያውም በሰሜን በኩል፣ ከተማው ከጀርባችን ሆኖ። ርቀቱም 140 ፓርሴክ ገደማ ነው (አንድ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው)። የእኛ ምርጫ እሱ ነው።

አዲስ አባል፦ ደመናው ውስጥ ገና እየተሰበሰበ ያለውን ጋዝ ራሱን ማየት አይቻልም? ርዕሱ የኮከብ ውልደት ስለሚል ነው የምጠይቀው።

የትንተና ቡድን፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፕሮፖዛሉም ላይ በግልጽ ይመለስ። የደመናው እምብርት ሙቀት 10 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ የሚታየው በራዲዮ ነው፣ ለምሳሌ በካርቦን ሞኖክሳይድ የ2.6 ሚሊሜትር መስመር። 10 ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ብርሃኑ ይደበዝዛል) የሚጋርድ አቧራ ከ10,000 ፎቶን አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ያ እንደ አልማ (በቺሊ ያለ የራዲዮ ቴሌስኮፕ) ያሉ መሣሪያዎች ሥራ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣቱን ኮከብ የኤችኤል ታውሪን ዲስክ (የከበበውን የጋዝና የአቧራ ሳህን) ቀለበቶች ያሳየን እሱ ነው።

እኛ የምናዋጣው ጊዜ ነው። ከደመናው ቅርፊት የወጡት ቲ ታውሪ የሚባሉት ወጣት ኮከቦች ከዲስካቸው አሁንም ጋዝ ይስባሉ፤ ብርሃናቸው በሰዓታትና በቀናት ይለዋወጣል። ኤኤ ታውሪን ዲስኩ በየ8.2 ቀኑ ይጋርደው ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን በ2 ማግኒቲዩድ ገደማ ደበዘዘና ለዓመታት በዚያው ቆየ። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ሳያቋርጥ የሚከታተል ነው። ስለዚህ አምስት ሙሉ ሌሊት ከምንጠይቅ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት በየሌሊቱ 40 ደቂቃ እንጠይቅ። ይህ ካልተፈቀደ ሥራው ፍሬ የለውም ባይ ነን።

ፊልተሮቹ ቢ (ሰማያዊ)፣ ቪ (አረንጓዴ-ቢጫ) እና አይ (ቅርብ ኢንፍራሬድ) ይሁኑ። ጋዝ ወርዶ ያጋለው ቦታ ሲታይ ለውጡ በቢ ይበረታል፤ ቀዝቃዛ ነጥብ ከሆነ ልዩነቱ ያንሳል። አቧራ ከጋረደው ኮከቡ ወደ ቀይ ያደላል፣ ጋረዳው ሲጠነክር ደግሞ በአቧራ የተበተነው ብርሃን ስለሚያይል መልሶ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በአንድ ፊልተር ብቻ እነዚህን መለየት አይቻልም።

የምልከታ ቡድን፦ እንስማማለን። ዒላማዎቹ ቢፒ፣ ዲኤን፣ ኤኤ እና አርዋይ ታውሪ፣ ከኦሪዮን ደግሞ ኤፍዩ ኦሪዮኒስ ይሁኑ። 12 ማግኒቲዩድ አካባቢ ላሉት መነሻው በቢ 60፣ በቪ 20፣ በአይ 10 ሰከንድ፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ። ካሜራው በአንድ ነጥብ ሊመዘግበው የሚችለው ትልቁ ቁጥር 65,535 ቢሆንም የኮከቡ ጫፍ ከ40,000 አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ልኬቱ ቀጥተኛነቱን ሊያጣ ይችላል። አርዋይ ታውሪ 10 አካባቢ ስለሆነ ጊዜው በጣም ይጠር።

ፍላት (የካሜራውን አለመመጣጠን ለማረም ከድንግዝግዝ ሰማይ የሚነሳ ምስል) ላይ እንጠንቀቅ። በእኛ ኬክሮስ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ቶሎ ይጨልማል፣ ለሦስት ፊልተር ላይበቃ ይችላል። ሲመሽ ከቢ እንጀምር፣ ያልደረሰው ንጋት ላይ ይወሰድ። ኤፍዩ ኦሪዮኒስ ዲክሊኔሽኑ ከእንጦጦ ኬክሮስ ጋር እኩል ለማለት ስለሚቻል አናት ላይ ነው የሚያልፈው፤ በአልት-አዚሙዝ (ወደ ላይና ወደ ጎን በሚዞር) መቆሚያ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ እዚያ ነጥብ ላይ ሊከተለው አይችልም። ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይወሰድ።

የትንተና ቡድን፦ ሁለት ነገር ይጨመር። አንደኛ፣ ማነጻጸሪያ ኮከብ ከደመናው ውስጥ አይመረጥ፣ እሱም ሊለዋወጥ ይችላልና። ቀለሙ ለዒላማው የቀረበ ይሁን፤ ሰማያዊ ከመረጥን አየሩ በቢ ሁለቱን እኩል ስለማይቀንስ ከፍታው በተቀየረ ቁጥር የሐሰት ለውጥ እናያለን። ሁለተኛ፣ አርዋይ ታውሪን የከበበው ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ጭጋግ) የሰማይ ልኬቱን ከፍ ያደርገዋል፤ በምስሉ ላይ የኮከቡ ብርሃን የሚለካበት ክብ በየሌሊቱ አይቀያየር።

ሰሜን አሜሪካ ያሉ አባል፦ ጨረቃን አትርሱ። ታውረስ በፀሐይ መንገድ ላይ ስለሆነ ጨረቃ በየወሩ እዚያው ታልፋለች፣ በኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሙሉ ሆና። በእነዚያ ሌሊቶች በአይ ፊልተር ብቻ ይወሰድ። እኛ በ20 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ በቪ እንቀጥላለን፤ እናንተ ጋ ሲነጋ ታውረስ እኛ ጋ ገና ከፍ ብሎ ነው። ሰዓቱ ግን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ይመዝገብ፦ የአዲስ አበባ ምሽት 3 ሰዓት 18:00 ነው። መዝገቡ ላይ "3 ሰዓት" ብቻ ከተጻፈ የስድስት ሰዓት ስህተት ገብቶ ሁለቱን መረጃ ማጋጠም አይቻልም።

አስተባባሪ፦ ተመዝግቧል። የምልከታ ቡድን የኤክስፖዠር ሰንጠረዡን፣ የትንተና ቡድን የማነጻጸሪያ ኮከቦቹን ያዘጋጁ። "በየሌሊቱ 40 ደቂቃ" የሚለውን በመጀመሪያው አንቀጽ አስገብቼዋለሁ። ደመና የሚበላብንን ሌሊት በምን እንደምንተካ የሚገልጽ አንቀጽ ይጎድለናል፣ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ።