«አውቶማቲክ» ብዬ ተርጉሜ ተመለሰብኝ፦ የሲቪልና የወታደር ጠመንጃ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

የከዚራው ተርጓሚ (ድሬዳዋ)
ሰላም ናችሁ? ስለ አደን ጠመንጃ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ኤአር-15ን «አውቶማቲክ የጦር ጠመንጃ» ብዬው አርታዒዋ በቀይ አሰመረችበት። ፎቶውን ከወታደሩ ኤም-16 ጋር ሳስተያየው ግን መንትያ ናቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? .223 እና 5.56 የሚባሉት ጥይቶችስ አንድ ናቸው? ለ«ሰሚ-አውቶማቲክ» የትኛው አማርኛ ይሻላል?

ባለሰደፍ (ሐረር)
አቦ፣ አርታዒዋ ልክ ናት። መልኩን ተወውና ምላጩን ተመልከት።

ኤአር-15 ምላጩ አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ይተኩሳል። ከተተኮሰው ጥይት የሚወጣው ጋዝ ቀለሁን አስፈንጥሮ ቀጣዩን ያጎርሳል። ሁለተኛው እንዲተኮስ ግን ጣት ምላጩን ለቆ እንደገና መሳብ አለበት። ስለዚህ «አውቶ» የሆነው ማጉረሱ እንጂ መተኮሱ አይደለም። ኤም-16 ላይ የተኩስ መምረጫው ሦስት ቦታ አለው፦ ዝግ፣ ነጠላ፣ ሩምታ። ኋላ በመጣው ኤም-16ኤ2 በሩምታው ፈንታ በአንድ ስበት ሦስት ጥይት ብቻ የሚለቅ ገባ። የሲቪሉ ላይ ዝግና ነጠላ ብቻ ነው ያለው።

ክላሽን ካነሳህ በቀኝ ጎኑ ያለችውን ረጅም ማንሻ እይ። ላይ ስትሆን ዝግ፣ መሐል ሩምታ፣ ታች ነጠላ። ብዙ ሰው መሐሉን ነጠላ አድርጎ ይጽፋል፤ ስህተት ነው። ከሲቪሎቹ የክላሽ ዘሮች ላይ የመሐሏ የለችም። ልዩነቱ የማንሻዋ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የውስጥ ዕቃውም አካሉም ከፋብሪካ ሲወጣ ለነጠላ ተኩስ ተብሎ የተሠራ ነው።

በነገራችን ላይ «ኤአር» የሚለው የመጀመሪያውን ንድፍ የሠራው የአርማላይት ኩባንያ ስም ነው። «የጥቃት ጠመንጃ» ብለህ እንዳትፈታው።

ቀለህ ለቃሚ
የጥይቱን ልመልስ። .223 እና 5.56 በዓይን አይለዩም፣ ቀለሁም ርዝመቱ 45 ሚ.ሜ ነው። ችግሩ ያለው ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል ላይ ነው። በ5.56ቱ ጠመንጃ ከአረሩ ጫፍ እስከ አፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ክፍተት ረዘም ይላል፤ በ.223ቱ አጭር ነው። የወታደሩን ጥይት (5.56ን) .223 ብቻ በተባለ ጠመንጃ ስትተኩስ አረሩ ቦዩን ቶሎ ስለሚነክስ የጋዙ ግፊት ከሚገባው በላይ ይወጣል። ምልክቱ፦ ቀለሁ ለመውጣት ያስቸግራል፣ ቂጡ ላይ ያለችው ክብ መለኮሻም ጠፍጥፋ ትገኛለች። ግልባጩ፣ ማለትም .223ን በ5.56 ጠመንጃ መተኮስ፣ ችግር የለውም። ጽሑፍህ ላይ «ሁለቱም ያው ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ አውጣው፣ ሰው ይጎዳል። ደንቡ አንድ ነው፦ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አንብብ።

ሌላም አለ። የወታደር አረር ዙሪያውን በመዳብ ቅይጥ የተሸፈነ ነው፤ በሰው አካል ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚጠፈጠፍ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ በ1899 (እ.ኤ.አ.) የሄግ መግለጫ ተከልክሏል። አዳኝ ደግሞ እንስሳው ቆስሎ እንዳይሸሽ ጫፉ የሚከፈተውን ይመርጣል። ስለዚህ «የሲቪሉ ጥይት ለስላሳ፣ የወታደሩ ጨካኝ» ብሎ መጻፍ አያስኬድም።

የጀጎሉ
ስለ ርዝመት፦ በአሜሪካ ሕግ የሲቪል ጠመንጃ አፈሙዝ ከ16 ኢንች (40.6 ሴ.ሜ) ካነሰ ልዩ ምዝገባ ይጠይቃል። የወታደሩ ኤም-4 ግን 14.5 ኢንች (36.8 ሴ.ሜ) ነው። ፎቶ ላይ የሲቪሉ ረዘም ብሎ የሚታይህ ከዚህ የተነሣ ነው። የሳንጃ ማሰሪያ፣ የሽጉጥ ዓይነት እጀታ፣ ባለ 30 ካዝና፣ እነዚህ ለመለየት አይረዱህም፤ በሁለቱም ላይ ይገኛሉ።

ባለሰደፍ
የጀጎሉ ልክ ነው፣ ግን «ሲቪሉ ሁልጊዜ የወታደሩ ግልባጭ ነው» እንዳይባል። ሞዝር 98 ለጀርመን ሠራዊት ተሠርቶ በኋላ የአደን ጠመንጃዎች አባት ሆነ። በተቃራኒው ሬሚንግተን 700 የአዳኞች መሣሪያ ሆኖ ተወልዶ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ኤም-24 እና ኤም-40 የሚሏቸው የአነጣጣሪ ጠመንጃዎች ከእሱ ወጡ። በእኛም ቋንቋ ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚል ግራ» ከሚለው ከፈረንሳይ ሠራዊት የ1874 ጠመንጃ የመጣ ነው፤ በየቤቱ ሲደርስ ግን ማን የወታደር ዕቃ ይለዋል?

ቀለህ ለቃሚ
ለቃሉ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን በነጋሪት ጋዜጣ አውጣ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለታተመ ከራስህ ቃል ከመፍጠር ያድንሃል። አንባቢው ተራ አዳኝ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሲጠቀስ «ከፊል አውቶማቲክ» በልና ትርጉሙን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስከትል።

የከዚራው ተርጓሚ
እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ኤአር-15 ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው፤ ራሱ ያጎርሳል፣ ነገር ግን በአንድ የምላጭ ስበት አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ሩምታ የለውም።»

የጀጎሉ
«ነገር ግን»ን አውጣት፣ ያለሷም ይሄዳል። ከፎቶው ሥር ደግሞ የመምረጫውን ቅርብ ምስል ጨምርበት።