በብረት እጥረት የተለወጡ የአፍ ህዋሳትን ከሌላ ለውጥ እንዴት ልለይ?

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ አራት ኪሎ አካባቢ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ስሆን፣ የመመረቂያ ጥናቴ በብረት እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ በጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን ህዋሳት ላይ ስለሚያደርሰው ለውጥ ነው። የዲኤንኤን ጥሬ ዕቃ የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ያለ ብረት ስለማይሠራ፣ ቶሎ ቶሎ ራሱን በሚተካው የአፍ ሽፋን ላይ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል፤ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ምላስ ልሙጥ ይሆናል፣ የከንፈር ጥግ ይሰነጠቃል።

የተቸገርኩት ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ከጉንጭ ተፍቀው በፓፕ ቀለም (ህዋሳትን በማይክሮስኮፕ ለመለየት በሚያገለግል ማቅለሚያ) የተቀለሙት ህዋሳት ኒውክሊየሳቸው (ዲኤንኤ የያዘው የህዋሱ እምብርት) ሰፍቶ ሳይቶፕላዝማቸው (በእምብርቱ ዙሪያ ያለው ክፍል) አንሶ ይታያል፤ ይህ በብረት እጥረት የሚጠበቅ ቢሆንም፣ የቅድመ ካንሰር ለውጥም ኒውክሊየስን ከሳይቶፕላዝም አንጻር ያገዝፋል፣ የፎሌትና የቢ12 ቫይታሚኖች እጥረትም እንዲሁ ኒውክሊየስን ያተልቃል። ከተሳታፊዎቹ መካከል ጫት የሚቅሙና ሲጋራ የሚያጨሱ መኖራቸው ነገሩን ይበልጥ አወሳስቦታል፤ እነርሱን በሙሉ ከጥናቱ ማስወጣት ግን የከተማችንን እውነታ መካድ ይመስለኛል።

የደም ማነስ መለያውም ያሳስበኛል። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት የተቀመጠው በዴሲሊትር 12 ግራም ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን) ለዝቅተኛ ቦታ የታሰበ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከፍታውም ሄሞግሎቢንን ስለሚጨምር፣ ቁጥሩን ወደ ላይ ካላስተካከልኩ የታመመችውን ከጤነኞች ጋር እመድባለሁ።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ከኒውክሊየስና ከሳይቶፕላዝም ጥምርታ ሌላ የትኛውን መለያ ትጠቀማላችሁ? ታካሚዎቹ የብረት ክኒን ከጀመሩ በኋላ ናሙና ደግሜ ብወስድ፣ የህዋሳቱ መመለስ መንስኤው ብረት ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ይሆናል? ከሆነስ ስንት ሳምንት ልጠብቅ?