ሁለተኛ ዋጋ በሚከፈልበት ጨረታ አጫራቹ ራሱ ቢያጭበረብርስ?

ባለፖስታው፦
ሰላም ለቤቱ። የምሠራው ግዥና ንብረት ማስወገድ ክፍል ነው። ፖስታ መረከብ፣ ሲፒኦ መቁጠር፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ። ሰሞኑን የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለጻፈበት ጨረታ አነበብኩ። ከፍተኛ ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል፤ የሚከፍለው ግን ሁለተኛው የሰጠውን ነው። ስለዚህ ሁሉም የልቡን ዋጋ ይጽፋል፣ ዝቅ አድርጎ መጻፍ አይጠቅምም። ደስ ይላል። ግን የጨረታ ሰው ነኝና ወዲያው ተንኮሉ ታየኝ። ለአሮጌ ፒክአፕ 900 ሺህ ብር ጻፍኩ እንበል፤ ተከታዬ 600 ሺህ። አጫራቹ ፖስታዬን ቀድሞ አይቶ የአክስቱን ልጅ 890 ሺህ ቢያስጽፈውስ? በለመድነው ጨረታ የምከፍለው የጻፍኩትን ስለሆነ ምንም አያገኝም። እዚህ ግን 290 ሺህ ብር በላኝ። ክሪፕቶግራፊ (መረጃን በሒሳብ የመሰወር ጥበብ) መላ አለው ይባላል፤ እውነት ነው?

ቀሪ_አንድ፦
ግማሹ እውነት ነው። ዋጋህን ከአንድ ረጅም የዘፈቀደ ቁጥር ጋር አጣምረህ ሃሽ ታደርገዋለህ፤ ማለትም በሒሳብ ቀመር ወደ ኋላ ተመልሶ ወደማይፈታ ኮድ ትቀይረዋለህ። ከቀነ ገደቡ በፊት የምታስገባው ሃሹን ብቻ ነው። ካለፈ በኋላ ዋጋውንና ቁጥሩን ታወጣለህ፤ ሌላው ሰው ደግሞ ሃሹ መግጠሙን ያያል። የዘፈቀደ ቁጥሩን እንዳትረሳ። ያለ እሱ አጫራቹ ከ1 እስከ 1 ሚሊዮን ያለውን ሁሉ ሃሽ አድርጎ ዋጋህን ወዲያው ያገኘዋል።

በዚህ መንገድ ፖስታህን ማንም ቀድሞ አያይም። ግን አጫራቹ ሞኝ አይደለም። በውሸት ስሞች የ700፣ የ800፣ የ890 ሺህና የ1 ሚሊዮን ሃሽ አስቀድሞ ያስገባል። አንተ 900 ስታወጣ 890ውን ይከፍታል፤ የ1 ሚሊዮኑ «ተጫራች» ድምፁን ያጠፋል። ሒሳቡ እዚህ ላይ አቅም የለውም። ማቲውስ ፌሬራና ማቲው ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2020 ያቀረቡት ጥናት ማስያዣ የጨመረው ለዚህ ነው፦ ያልከፈተ ገንዘቡን ያጣል።

ድንች_በዘይት፦
አንድ ነገር ልጨምር። በሃሽ ጨረታ የተሸናፊዎቹም ዋጋ በመጨረሻ ይገለጣል። ይህን የማይፈልጉ አሉ። የዴንማርክ የስኳር ድንች... ይቅርታ፣ የስኳር ቀይ ሥር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የማምረት ውላቸውን እርስ በርስ ሲሻሻጡ ዋጋቸውን የስኳር ኩባንያው ዳኒስኮ እንዲያይባቸው አልፈለጉም። ብቸኛው ገዢያቸው እሱ ነበራ! የማን እርሻ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ካወቀ በኋላ ሲደራደር ይጫናቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዋጋ ተቆራርጦ ለሦስት ወገን ተሰጠ፦ ለዳኒስኮ፣ ለገበሬዎቹ ማኅበርና ለተመራማሪዎቹ። ወደ 1,200 ገበሬ ተጫረተ። የገበያው ዋጋ ተሰልቶ ወጣ፣ የማንም ዋጋ ለብቻው አልታየም።

ባለፖስታው፦
የቀይ ሥሩ ግሩም ነው። ግን ማስያዣው ላይ ልመለስ። እኛ ጋ አሸንፎ ውል ሳይፈርም የጠፋ ሰው ሲፒኦው ለአጫራቹ ገቢ ይሆናል። እዚያስ ማን ይወስደዋል?

ቀሪ_አንድ፦
ለአጫራቹ ከሆነማ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ነው፤ የውሸት ተጫራቹም የራሱ ሰው ነው። የሚሰጠው ለእውነተኛው አሸናፊ ነው። ያኔ 1 ሚሊዮኑን መደበቅ ያስከፍለዋል። መጠኑ ግን ያከራክራል። ትንሽ ከሆነ ተንኮሉ ያዋጣዋል፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ አቅም የሌለው ተጫራች ይቀራል።

ባለፖስታው፦
ታዲያ ሲፒኦው በአጫራቹ ስም መሠራቱም ይቀራላ?

ቀሪ_አንድ፦
አዎ። ወይ ሦስተኛ ወገን ይይዘዋል፣ ወይ ኢተሪየም በሚባለው የብሎክቼን መረብ ላይ ስማርት ኮንትራት (ውሉን በራሱ የሚያስፈጽም ፕሮግራም) ውስጥ ይቀመጣል። ለፒክአፑ የመጀመሪያው ይበቃል።