ክርክር፦ ጥሬ አሳ በጣና ዳር ይሸጥ ወይስ ይከልከል?

ሽምብጥ ሰፈር፦
ሰላም ለቤቱ። የዛሬው ክርክር ይሄ ነው፤ ሐይቁ ዳር ጥሬ አሳ በሚጥሚጣ ልሽጥ የሚል ሰው ቢመጣ ይፈቀድለት ወይስ ይከልከል? ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቃል። ቀረሶ የሚባለው አሳ ይገፈፋል፣ ሥጋው በስሱ ይቆረጣል፣ በዳጣ እየተነከረ ጥሬውን ይበላል። እኛ ጣናን የሚያህል ሐይቅ ደጃችን አስቀምጠን ከጥብስ፣ ከጉላሽ፣ ከኮተሌትና ከሾርባ አልወጣንም። እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ። ቁርጥ ሥጋ በአደባባይ ተሰቅሎ በሚበላበት አገር አሳ ላይ ሲደርስ ፊት ማኮማተር አይገባኝም።

ስድብ ክልክል ነው። አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ደግሞ ለሌላ ቀን አቆዩት። እሱን ከጀመርን አንጨርስም።

የወረታ ልጅ፦
ይከልከል። አለቀ። ጥሬ አሳ የአባ ኮዳ፣ የዛ የትልቁ አሞራ ምግብ ነው።

ሐዋሳ ያደግኩ፦
እኔስ አባ ኮዳ ነኛ ታዲያ? ልጅ ሆኜ ጀምሮ የበላሁት ነው። ስሙኝማ፣ ሰው የሚፈራው ሽታውን ነው። ትኩስ ቀረሶ አይሸትም። ሥጋው ነጣ ያለ፣ ለስለስ ያለ ነው። ብቻውን ስትበላው ውሃ ውሃ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ዳጣው ሲገባበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ አፍህን ያነደዋል፣ አሳው ያበርደዋል። ሳትቀምሱ አትፍረዱ።

የወረታ ልጅ፦
ሰው ያላደገበትን ምግብ በግድ አይለምድም እኮ።

ሽምብጥ ሰፈር፦
ይህንን የምትለው አንተ ነህ? የፎገራ ሰው? ሩዝ እናንተ ዘንድ የገባው እኮ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ነው። ዛሬ ወረታ ላይ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገራል። ሩዝ ለእንጀራ የሚሆን እህል ነው ብሎ ለአያትህ የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ይስቁበት ነበር።

የወረታ ልጅ፦
ሩዙ ይበስላል! ልዩነቱ እሱ ነው።

እትዬ ቡና፦
ልጆቼ፣ እኔ ሳቄ መጣ። የዛሬ ልጅ አቮካዶ ጁስ ላይ ቪምቶ አፍስሶ ይጠጣል፣ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ ይበላል፣ ፓስታ በእንጀራ ይጠቀልላል። እኔ ቡናዬን በጨው ስጠጣ ግን «እማማ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው» ትሉኛላችሁ። የዘጌ ቡና ነው፣ ጤና አዳም ጣል አድርጌበት፣ ጨው ቆንጠር አድርጌበት። ያን የማያውቅ ሰው ስለ ጣዕም ባይከራከር ይሻለዋል። የፍየል ሐሞት ጨጓራ ላይ ጨምቀው የሚበሉ ወንዶች አይተን የለም እንዴ? መራራ ነው፣ ጥሬ ነው፣ እሱ ግን ጀግንነት ይባላል።

ጥሬ አሳውን ግን አልበላም። ምክንያት አትጠይቁኝ።

ሐዋሳ ያደግኩ፦
እትዬ፣ እርስዎ ይምጡና በጨው የተጠጣ ቡና ያስቀምሱኝ፣ እኔም አሳውን አመጣለሁ።

ታንኳ ሠሪ፦
ዝም ልል ነበር። «ይሄ የሰው ምግብ አይደለም» የሚለው ነገር ግን እኔን ይነካኛል። የነገደ ወይጦ ልጅ ነኝ። አያቶቻችን ጉማሬ አድነው ይበሉ ነበር። በዛ ምክንያት ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮን አልበላም፣ ከአንድ ዋንጫ አልጠጣም። ደንገሉን አጭደን ታንኳውን ስንሠራለት ግን ይሳፈርበታል። ጉማሬ ማደን ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ስማችን ግን እንደተበላሸ ቀረ። አምባዛም ቅርፊት የለውም ተብሎ የሚጸየፈው ብዙ ነው። ያው አምባዛ ተከትፎ ጉላሽ ሆኖ ሲቀርብ ግን ማን ይለየዋል? ስለዚህ ጥሬ አሳ ያሳምማል በሉ፣ እሰማለሁ። ነውር ነው የምትሉ ከሆነ ግን እኛ ያንን ዱላ እናውቀዋለን።

የወረታ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ለዛ ነገር አይደለም ያልኩት። የአባ ኮዳዋን ነገር ትቻታለሁ። ይከልከል ያልኩት ግን እንዳለ ነው። ሰው ይታመማል። ብልሃርዚያ አለ፣ ትል አለ።

የላብራቶሪ ሰው፦
እሺ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስን። ሁለታችሁንም ላስከፋ ነው።

ብልሃርዚያ ከአሳ አይመጣም። ትሉ ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ አሳ ጠብሰህ ብትበላም ጥሬውን ብትበላም ለእሱ ለውጥ የለውም። እጅህን ሐይቅ ውስጥ ስትነክር ነው መፍራት ያለብህ። ታይላንድ ውስጥ ጥሬ የወንዝ አሳ በመብላት ሰው የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ድረስ ይደርሳል የሚባለውም እውነት ነው። ግን ያ የጉበት ትል የራሱ የሆነ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። የዛን አገር ታሪክ እንዳለ አንስቶ ጣና ላይ መጫን አይቻልም።

የኛ አሳ ደግሞ ከትል ነጻ ነው ማለት አይደለም። ኮንትራሲከም የሚባል ክር መሰል ትል በጣና አሳ ላይ በተደረገ ምርመራ ተገኝቷል። ዋና ቤቱ አሳ የሚበሉ ወፎች ሆድ ነው። ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ግን ጥሬ ከተበላ በሩ ክፍት ነው። ሎሚ ያጸዳዋል የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል፣ የበሰለ ያስመስለዋል፤ ትሉን ግን በእርግጠኝነት አይገድልም። ሚጥሚጣውም እንደዛው። ጃፓኖች ይበሉ የለም እንዴ ለምትሉ፣ እነሱ ጥሬ የሚበሉት በአብዛኛው የባሕር አሳ ነው። ብዙ አገር ደግሞ ጥሬ ከመቅረቡ በፊት ይቀዘቅዛል። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ይላል። ትሉን የሚገድለው ያ ነው። ባክቴሪያን ግን ቅዝቃዜም አይገድለውም፤ ያስተኛዋል እንጂ።

ቁርጥ ይበላ የለም ወይ ላልከው ሽምብጥ፣ ቁርጡ በሕጉ በቄራ ያልፋል። የእንስሳት ሐኪም አይቶት፣ ማህተም ተመትቶበት ነው የሚወጣው። እንደዛም ሆኖ ኮሶ ይይዘናል። አሳው ላይ ማን ማህተም መታ?

ሽምብጥ ሰፈር፦
በጓሮ የሚታረደውን በሬ ማን አየው ታዲያ? ግን እሺ፣ የማህተሙ ነገር ጥሩ ነው። ለአሳም ይቆጣጠሩ እንጂ መከልከሉ ለምን? ከተከለከለ በድብቅ ይበላል፣ ያኔ ደግሞ የሚያየው የለም።

መረብ ጣይ፦
ይሄን ሁሉ ስታወሩ አስጋሪውን የጠየቀ የለም። እኔ ልንገራችሁ። መረቡን ማታ እንጥላለን፣ ንጋት ላይ እናወጣለን። ማታ ገና የተጠለፈው አሳ ንጋት ላይ ሞቶ፣ ገርጥቶ ነው የምናገኘው። ንጋት ላይ የገባው ይንፈራገጣል። ሁለቱም አንድ ታንኳ ላይ፣ አንድ ክምር ላይ ነው የሚገቡት። ገበያ ሲደርሱ ሁለቱም «የዛሬ» ናቸው። ውሸት አይደለም፣ ዛሬ ነው የወጡት። የምታውቅበት ሰው ስንጥቡን ገልጠህ ታያለህ። ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ቡኒ ከሆነና ከተሙለጨለጨ ለጥብስ እንኳን አልገዛውም። ዓይኑም ጥርት ብሎ ወጣ ያለ መሆን አለበት፤ ሰርጎድ ያለው የቆየ ነው።

ከዛ በኋላ ያለው ይብሳል። ቅርፊቱን በምንፍቅበት ጣውላ ሆዱን እንዘረግፋለን፣ በዛው ቢላ ሥጋውን እናወጣለን። ቀጥለን ሐይቁ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብለን እናለቀልቀዋለን። የምናለቀልቅበት ውሃ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ዳር ነው። ዘይት ውስጥ ሲገባ ችግር የለም፣ ዘይቱ ይፈጀዋል። ጥሬ ከሆነ ግን ያንን ውሃ ነው የምትበሉት። ልጆቼን በዛ ውሃ የታጠበ ጥሬ አሳ አላበላም።

ሐዋሳ ያደግኩ፦
ጋሼ፣ ይሄ ልክ ነው። እኛም ጋ አሞራው፣ ውሻው፣ ሰዉ አንድ ቦታ ነው የሚራኮተው፤ ቆንጆ ነው አልልም። ግን እኔ ስመርጥ ሲንፈራገጥ ያየሁትን ነው የማስገፍፈው። በሃይላንድ የያዝኩትን ውሃ አፍስሼ አሳጥበዋለሁ።

የላብራቶሪ ሰው፦
ከታመሙት ትሻያለሽ። ባክቴሪያውን ቀንሰሻል። ትሉ ግን ሥጋው ውስጥ ነው፣ የሃይላንድ ውሃ አይደርስበትም።

እትዬ ቡና፦
ታዲያ ለብለብ አድርጋችሁ ብሉትና ገላግሉን! ቅቤውን በኮረሪማ አግላችሁ፣ ሚጥሚጣ ነስንሳችሁ፣ እሳት ካሳያችሁት ምን ይጎድለዋል?

ሐዋሳ ያደግኩ፦
እትዬ፣ ያ እኮ ሌላ ምግብ ሆነ። ጣዕሙ ቅቤ ቅቤ ነው የሚለው፣ አሳው የለም።

የላብራቶሪ ሰው፦
ለብለቡም ቢሆን መሃሉ ድረስ ካልሞቀ ያው ነው። ልቡ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥሬ ካለ አልበሰለም።

ታንኳ ሠሪ፦
እኔ ጥሬ አልበላም፣ አያቶቼም እንደሚበሉ አልሰማሁም። ግን ከከለከላችሁ በዛው እሳት ያልነካውን ሁሉ ከልክሉ፤ ክትፎውንም፣ ቁርጡንም። የአሳው ብቻ ሲሆን ድሮ የምናውቀው ነገር ይሸተኛል።

ሽምብጥ ሰፈር፦
እንግዲያው እንዲህ እናድርገው። ይፈቀድ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። በሕይወት ያለ አሳ ብቻ ይመረጥ፣ መታጠቢያው የቧንቧ ውሃ ይሁን፣ የመገፈፊያውና የመቁረጫው ጣውላ ይለያይ። ሥጋው 7 ቀን ቀዝቅዞ ከርሞ ይቅረብ። ከተማ አስተዳደሩ መጥቶ ይፈትሽ። ይሄን የሚቃወም አለ?

የወረታ ልጅ፦
7 ቀን መብራት ሳይጠፋ? ባህር ዳር ላይ? እኔ አልቃወምም፣ እስቃለሁ እንጂ።

ሐዋሳ ያደግኩ፦
7 ቀን ፍሪጅ ውስጥ የከረመ አሳ ለመብላት ሐይቅ ዳር ምን ያስኬደኛል? አዲስ አበባ ሆኜም እበላዋለሁ። ለጤናው ይሁን ካላችሁ ግን እሺ፣ እቀምሰዋለሁ።

መረብ ጣይ፦
ማቀዝቀዣውንስ ማን ነው የሚገዛው? ከነጄኔሬተሩ? እኔ አሳ በኪሎ የምሸጥ ሰው ነኝ፣ ለበረዶ እንኳን የማወጣው የለኝም። ሆቴሎቹ ይግዙ። ገዝተው ከመጡ ንጋት ላይ በሕይወት የወጣውን ለይቼ፣ ባልዲ ውስጥ ውሃ ይዤ አመጣላቸዋለሁ። ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ ያንን ካሁኑ እወቁት።